አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር

«ስንት ሆነ?» አለች ሰሊማ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ሑስና ሜትሩን በታናሽ እህቷ በዋፊቃ ወገብ ዙሪያ ጠምጥማ፣ ጫፉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛዋለች። ቁጥሩን አየችው። ሜትሩ የተጣመመ መስሏት ፈታችው፤ አቃንታም እንደገና ጠመጠመችው። አሁንም ያው ነው። ሃምሳ ሁለት።

ከሃያ አንድ ቀን በፊት፣ በረመዳን ዋዜማ፣ ዋፊቃን በዚሁ በርጩማ ላይ አቁማ የለካቻት ራሷ ሑስና ነበረች። ደብተሩ ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ቁጥር ሃምሳ ስድስት ይላል።

የዘጠኝ ዓመቷ ዋፊቃ እጆቿን ዘርግታ ታላቅ እህቷን ቁልቁል ታያታለች። ድምፅ አላወጣችም። ከንፈሮቿ ብቻ «በአላህ» የሚል ቅርጽ ሠሩ።

«ሑስና! ስንት ሆነ አልኩሽ እኮ!»

«ሃምሳ ስድስት» አለች ሑስና፤ ደብተሩም ላይ ይህንኑ ጻፈች።

በሰሊማ የልብስ ስፌት ቤት የማይጣስ ሕግ አለ። ለዒድ የሚሰፋ የልጅ ልብስ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንዴ ጾሙ ሲገባ፣ አንዴ መቀሱ ከመነሣቱ በፊት። «ልጅ በወር ውስጥ ያድጋል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አያድግም» ትላለች ሰሊማ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ከተስማሙ መቀሱ ይነሣል፤ ካልተስማሙ ሰሊማ ሥራዋን አቁማ «ለምን?» ብላ ትጠይቃለች። ዘንድሮ ሥራው ስለበዛባት የመለካቱን ኃላፊነት ለአሥራ አራት ዓመቷ ለሑስና ሰጥታለች። ሜትሩን ከራሷ አንገት አውልቃ በልጇ አንገት ላይ ያንጠለጠለች ዕለት «ከዛሬ ጀምሮ ዓይኔ አንቺ ነሽ» ነበር ያለቻት።

ያ ዓይን አሁን ዋሸ።

በግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን የሚጠብቁት ወይዘሮ አሰለፈች፣ ስለ ፋሲካ ቀሚሳቸው የጀመሩትን ጨዋታ ቀጠሉ።

«ሰሊማዬ፣ ወገቡን ጠበብ አድርጊልኝ አደራ! ሁዳዴው እስኪፈታ እኔም እቀንስ የለ? ለፋሲካ ሌላ ሴት ሆኜ ነው የምመጣው።»

«እትዬ አሰለፈች፣ ያችን ሌላ ሴት እኔ አላውቃትም» አለች ሰሊማ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «እኔ የምሰፋው ዛሬ ለመጡት ለእርስዎ ነው። እሷ ስትመጣ ለብቻዋ እለካታለሁ።»

«ወይ ያንቺ ነገር! ምላስሽም እንደ መቀስሽ ነው» ብለው ወይዘሮ አሰለፈች እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥለውም ከበርጩማው ስትወርድ ዋፊቃን አዩዋት። «ይችው ናት ቀኑን ሙሉ የምትጾመው? ኧረ ይች ቅንጣት!»

«እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃሻል ብንላት እምቢ አለች። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እስከ መግሪብ! ሠፈሩ ለየልጁ እሷን ነው ምሳሌ የሚያደርገው። ማሻአላህ ይበሉልኝ እንጂ፣ ዓይን እንዳይገባብኝ።»

ዋፊቃ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ሰሊማ ደብተሩን ስባ ሁለቱን ቁጥሮች በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት። አልጨመረች፣ አልቀነሰች?»

«አዎ፣ እማ» አለች ሑስና።

«በይ እንግዲህ። ነገ ከዙህር ሶላት በኋላ እቆርጠዋለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ልብሷ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።» ሰሊማ ገጹን ገለጠች። ሑስና በሚል ስም ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። «የአንቺስ?»

«እኔ የአምናው ይበቃኛል ብዬሻለሁ እኮ።»

*

ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሣ በባጃጆቹ መካከል ያሽከረክረዋል። ሑስና የእህቷን ክንድ ይዛ ከአንድ የግንብ አጥር ጥግ አስጠጋቻት። ክንዷ በእጇ ውስጥ ቀጭን ነበር። በየቀኑ አብረው እየዋሉ እንዴት እንዳላስተዋለች ለራሷም ሊገባት አልቻለም።

«አራት ሳንቲ ሜትር፣ ዋፊ! በሃያ አንድ ቀን!»

«ገና አሥራ አንድ ይቀረኛል» አለች ዋፊቃ። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ሑስና ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባት።

ረመዳን ከመግባቱ በፊት በነበረው ሳምንት አጎታቸው ዛኪር ከአዲስ አበባ አንዲት አሻንጉሊት ለዋፊቃ ይዞላት መጥቶ ነበር። ረዥም ቢጫ ፀጉር፣ እንደ እስክሪብቶ የቀጠኑ እግሮች፣ በሁለት ጣት የሚያዝ ወገብ ያላት አሻንጉሊት ናት። በእግሯ ለብቻዋ መቆም ስለማትችል ዋፊቃ በመስኮቱ መስታወት አስደግፋ ታቆማታለች። ሑስና በዚያው ሰሞን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለ ጥምርታ ተምራ፣ ያገኘችውን ሁሉ በጥምርታ የምታሰላበት ጊዜ ነበር። «እኔ እንደ እሷ ብሆን ወገቤ ስንት ይሆናል?» ብላ ዋፊቃ ስትጠይቃት ሜትሩን አነሣች። የአሻንጉሊቷ ቁመት ሃያ ዘጠኝ፣ ወገቧ ዘጠኝ። የዋፊቃ ቁመት አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት። አባዛች፣ አካፈለች፣ መልሱንም በወረቀት ላይ ጽፋ ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፤ አርባ አንድ።

ለአንዲት ሕፃን ያንን ቁጥር መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አላሰበችበትም ነበር። ስሌቷ ትክክል በመሆኑ ብቻ ተደስታ ወደ ጥናቷ ተመለሰች።

ነገር ግን እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከዋፊቃ ቁጥር በላይ፣ ሌላ ስሌት ተጽፎ ነበር። ሑስና በመጀመሪያ ያሰላችው የራሷን ነው። ክፍል ውስጥ ስታልፍ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች «ወንበሩ ይሸከማት ይሆን?» ይባባላሉ። የእሷ ወገብ ሰባ አንድ ነው፤ እንደ አሻንጉሊቷ ብትሆን ግን አርባ ስምንት መሆን ነበረበት። ያን ዕለት በሩን ዘግታ ያለቀሰችውን ማንም አላወቀም።

«በአፍጥር ጊዜስ? አባ እኮ በእጁ እያጎረሰሽ ነው!»

«አባ ሲዞር አወጣዋለሁ። ሌሊት ለሱሑር ስንነሣም ውኃ ብቻ ነው የምጠጣው። እማ ስፌት መኪናዋ ላይ ስለምታመሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፤ አታይም።»

«ይሄ ጾም አይደለም፣ ዋፊ።»

«አውቃለሁ» አለች ዋፊቃ በተረጋጋ ድምፅ። «ኡስታዝ ኒያው፣ የልብ ሐሳቡ፣ ለአላህ ካልሆነ ረሃብ ብቻ ነው ብለውናል። እኔ ደግሞ ረሃቡ ራሱ ይበቃኛል።»

እቤት እንደደረሱ ሑስና አሻንጉሊቷን ከመስኮቱ ላይ አንሥታ ውስጥ እግሯን በሜትሩ ለካችው፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰላችና ጣቶቿን ዘርግታ ለእህቷ አሳየቻት።

«ይኸውልሽ! እንደ እሷ ብትሆኚ እግርሽ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው የሚሆነው። የአራስ ልጅ እግር! በዚህ እግር ትሮጫለሽ? ትቆሚያለሽስ?»

ዋፊቃ የተዘረጉትን ጣቶች አየች፤ አሰበችበት። «እግሩ ይቅርብኝ። ወገቡን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ለእማ እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። እኔም ወረቀቱን አሳያታለሁ። በአሻንጉሊቷ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። አርባ አንዱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። የአንቺም ቁጥር ከላይ አለ።» ዋፊቃ አሻንጉሊቷን ከእጇ ነጥቃ በቦታዋ አስደገፈቻት። «ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ።»

*

ሰሊማ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ አባታቸው ካሚልም ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ አዲስ አበባ ያራገፈበትን አይሱዙ በር ላይ አቁሞ ገባ። እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ የመግሪብ አዛን ተሰማ። የመጀመሪያውን ቴምር ለራሱ አላነሣም። በሃያ አንዱ ቀን ሁሉ እንዳደረገው ከሳህኑ ውስጥ ትልቁን መርጦ ለዋፊቃ ሰጣት።

«እንቺ የኔ ጀግና! ሠላሳውን ሞልተሽ ዒድ ሲደርስ ሁላችሁንም ሶደሬ እወስዳችኋለሁ። በሙቁ ውኃ እስኪያሰለቸን እንዋኛለን።»

«ወላሂ በል፣ አባ!»

«ወላሂ!»

ዋፊቃ ቴምሩን ጎረሰች። ካሚል ወደ ሾርባው ሲዞር እጇ ወደ አፏ፣ ከአፏም ወደ ሹራቧ ኪስ ሄደ። ሳምቡሳውም በዚያው መንገድ ተጓዘ። እንቅስቃሴዋ እጅግ የተለማመደ ነበር፤ ለማያውቅ ሰው አፏን የምትጠርግ ትመስላለች። ሑስና ያንን ጉዞ በዓይኗ ተከተለችው። ዋፊቃ ደግሞ እሷን ሳይሆን ወደ መኝታ ክፍሉ፣ አሻንጉሊቷ ወዳለችበት አቅጣጫ ትመለከት ነበር፤ ሳጥኑን ማለቷ እንደሆነ ሑስና ገብቷታል።

«ሑስና፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለ ካሚል። «በታናሽሽ ቀናሽ እንዴ?»

«አይ፣ አባ» አለች ሑስና። ሾርባዋንም ሳትጨርስ ተነሣች።

*

በማግስቱ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ የእረፍት ደወል እንደተደወለ ጓደኛዋ ዱሬቲ ከሩቅ እጇን እያወዛወዘች መጣች። ዱሬቲ ቀስ ብላ መናገር የማትችል፣ ባትናገር ደግሞ የምትታመም የምትመስል ልጅ ናት።

«አካም፣ ሑስ! ነይማ፣ ደንበኛ አምጥቼልሻለሁ።»

«የምን ደንበኛ?»

«እህቴ ጂጂ ናታ፣ የዋፊቃ ክፍል ልጅ! ትናንት ከምሽቱ ጀምሮ በር ላይ ተለጥፋ ቁመቷን ስታስለካ አመሸች። እራት ሲቀርብ ደግሞ ‹ጠግቤያለሁ› ብላ እብስ! ድመታችን በዓል ሆነላት፣ አቦ።» ዱሬቲ ከኪሷ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ይኸው፣ ‹ለዋፊቃ እህት ስጫት፣ እሷ ጎበዝ ናት፣ ታሰላልኛለች› አለችኝ። ልብስ ልትሰፉላት ነው እንዴ? ለኔ ሳትነግሪኝ?»

ሑስና ወረቀቱን ገለጠችው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ የተንጋደደ ጽሕፈት ነው።

«ቁመቴ 128 ነው። ወገቤን አስሊልኝ። ለዋፊቃ እንደሠራሽላት። ለሌላ ሰው አታሳዪ። ከኔ ቀጥሎ ሦስት ልጆች ተሰልፈዋል።»

መልሱን ማስላት አልፈለገችም፤ አእምሮዋ ግን ሳትጠይቀው አሰላው። ወደ አርባ ይጠጋል። ቁጥሩ ከቤታቸው ወጥቷል። ከመኝታ ክፍላቸው ሳጥን ወጥቶ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተሻግሮ፣ በሕፃናት ደብተር ውስጥ እየዞረ ነው። የሚዞረውም በእሷ ስም ነው።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ? ጾሙ ነው?» አለች ዱሬቲ፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «ሑስ? እየቀለድኩ እኮ ነው፣ አትቀየሚኝ።»

«ዱሬቲ፣ ጂጂ ዛሬ ቁርስ በልታለች?»

«እኔ እንጃ። ለምን?»

«ምሳዋን አብረሻት ብዪ። እስክትውጥ ድረስ እያት። የቀረውን እኔ ራሴ መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

ዱሬቲ ወደ ሦስተኛ ክፍሎች ሮጠች።

*

ሑስና ከትምህርት ቤት እስከ ስፌት ቤቱ ያለውን መንገድ ግማሹን በሩጫ፣ ግማሹን በእርምጃ ጨረሰችው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። ከጎናቸው ባለው ጭማቂ ቤት ጉደታ የሚባለው ባለሱቅ ፓፓያ እየላጠ «ምን ያስሮጥሻል፣ በዚህ ሙቀት?» አላት።

ዋፊቃ ከእሷ ቀድማ ደርሳለች። በሩ አጠገብ ባለው የጨርቅ ጥቅል ላይ ጭንቅላቷን አስደግፋ፣ ዓይኖቿን ከድና ተቀምጣለች። ሰሊማ ሶላቷን ጨርሳ፣ አረንጓዴውን ሳቲን በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ የጠመኔውን መስመር በሃምሳ ስድስት ልክ አውጥታበታለች። መቀሱ በእጇ ነው።

«ቢስሚላህ» አለች ሰሊማ።

«እማ፣ ቆዪ!»

መቀሱ ከጨርቁ ጠርዝ ላይ አፉን እንደከፈተ ቆመ። «ምን ሆንሽ? አስደነገጥሽኝ እኮ!»

«አትቁረጪው። ቁጥሩ ውሸት ነው።»

ዋፊቃ ዓይኗን ገለጠች። «ሑስና!»

«የቱ ቁጥር?»

«ሁለተኛው። ትናንት ሃምሳ ሁለት ነበር። ሁለት ጊዜ ለክቼ፣ አይቼው ነው የዋሸሁሽ።»

ሰሊማ መቀሱን አላስቀመጠችም። በዚያ ቤት ሁለት ቁጥሮች በማይስማሙበት ጊዜ ሁሉ የሚጠየቀውን አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«ለምን?»

ሑስና መልሱን በመንገድ ላይ ስታዘጋጅ መጥታለች። «ስለማትበላ» ማለት ይበቃል። እውነትም ነው። እናቷ የቀረውን ከዋፊቃ ጋር ትጨርሰዋለች፤ ወረቀቱ ቢወጣ እንኳ የልጅ ጨዋታ ነበር ማለት ይቻላል። እውነትን ከመካከሏ ከፍሎ የሚጠቅመውን ግማሽ ብቻ ማቅረብ ቀላል ነው፤ የሚሰማውም ሰው አይጠረጥርም። ሑስና አፏን ከፈተች፤ ያ የተዘጋጀው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እጇ ግን በኪሷ ውስጥ የጂጂን ወረቀት ጨብጦ ነበር።

ወረቀቱን አውጥታ በሳቲኑ ላይ፣ በጠመኔው መስመር መካከል አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዱሬቲ እህት የጻፈችው ነው። እንደ ዋፊቃ አሻንጉሊት ለመሆን ወገቧ ስንት መሆን እንዳለበት እንዳሰላላት ትጠይቀኛለች። ለዋፊቃ አስልቼላታለሁና።» «አርባ አንድ አልኳት። ጽፌ ሰጠኋት። እሷም እዚያ ለመድረስ ነው የምትራበው። አፍጥር ላይም አትበላም፤ ኪሷ ውስጥ ነው የምትከተው። እኔ ከትናንት ጀምሮ አውቄያለሁ።»

«ዝም በያት፣ እማ! ራሷም የራሷን አስልታለች! የራሷም አለ!» ዋፊቃ ከጥቅሉ ላይ ተነሥታ ጮኸች። ስትነሣ ተንገዳገደችና ግድግዳውን ያዘች።

«አዎ» አለች ሑስና። «ለእሷ ከማስላቴ በፊት ለራሴ አሰላሁ። የኔ አርባ ስምንት ነው። ሰባ አንድ ነኝና ልደርስበት እንደማልችል ስላወቅሁ ተውኩት። እሷ ግን ሕፃን ናት፤ አመነችኝ።»

ሰሊማ መቀሱን አስቀመጠች። ወደ ዋፊቃ ሄዳ በጉልበቷ ተንበረከከች። ሜትሩን አልጠየቀችም። ሁለቱን መዳፎቿን ከሰፊው ሹራብ ሥር አስገብታ የልጇን ጎን ያዘች፤ ጣቶቿም የጎድን አጥንቶቹን አንድ በአንድ አገኙአቸው። ስንትና ስንት ሰው የለኩት እነዚያ እጆች ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተነሡም።

«ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ማሻአላህ ስል ነበር» አለች በመጨረሻ። የተናገረችው ለማንም አልነበረም። «ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ስል ነበር።»

«ስምንት ቀን ነው የቀረኝ፣ እማ» አለች ዋፊቃ እያለቀሰች። «ስምንት ብቻ! አባ ሶደሬ እወስድሻለሁ ብሏል።»

«ሶደሬ ብትጾሚም ባትጾሚም የትም አትሄድም። ይሄ ጾም ግን አብቅቷል።» ሰሊማ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። «ጉደታ! አንድ ብርጭቆ ፓፓያ ስጠኝ። ስኳሩን አደራ።»

«አሁን?» ጉደታ ቢላዋውን እንደያዘ ብቅ አለ። «እንዴ፣ እናት፣ ገና ስምንት ሰዓት ነው እኮ! ለማን ነው?»

በመንገዱ ማዶ የሠፈሩ ሴቶች ተቀምጠዋል። በየማታው «የሰሊማ ልጅ» እያሉ ለልጆቻቸው የሚተርኩት እነሱ ናቸው። ሰሊማ አየቻቸው። ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

«ለልጄ ለዋፊቃ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አትጾምም። አሟታል።»

ብርጭቆው መጣ። ዋፊቃ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጠርዙ በላይ ሑስናን በጥላቻ ተመለከተቻት። «ከሃዲ» አለቻት። አንድ ጊዜ ተጎነጨች፤ ቆየት ብላ ደግማ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ገፋችው። ሰሊማ አልተቆጣችም፤ አልለመነችም። ብርጭቆውን ከአጠገቧ አላራቀችውም ብቻ።

«ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ ሦስታችንም» አለች። ከዚያ በእጇ መዳፍ የጠመኔውን መስመር ጠርጋ ከሳቲኑ ላይ አጠፋችው። በሃምሳ ሁለት ልክ አዲስ መስመር አሰመረች። ከእሱ ውጭም፣ በሌላ ጊዜ ከምትተወው ትርፍ እጥፍ የሚሆን ሰፊ ቦታ ትታ ሁለተኛ መስመር ጨመረች።

ዋፊቃ አፍንጫዋን እየጠረገች ተመለከተች። «ያ ለምንድን ነው?»

«ስፌቱ ውስጥ የሚቀር ነው። ስትበዪ እለቀዋለሁ።»

መቀሱ ሳቲኑን ሲከፍተው ልክ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ። ሑስና በጠረጴዛው ጫፍ ቆማ፣ የጂጂን ወረቀት መልሳ አጥፋ ኪሷ ውስጥ አስገባችው። ከመግሪብ በፊት ዱሬቲ ቤት መድረስ አለባት። ጂጂን ብቻ ሳይሆን የሦስቱን ልጆች ስምና ቤትም መጠየቅ አለባት። ለእያንዳንዳቸው እናት ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም።

ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ተቀምጧል። ሰሊማ ትናንት የተጻፈውን ሁለተኛ ሃምሳ ስድስት በአንድ ሰረዝ ሰርዛ በጎኑ ሃምሳ ሁለት ጻፈች። ከሥሩ፣ ሑስና ከሚለው ስም ትይዩ፣ ባዶው ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ሰሊማ ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈች።

ሑስና ሜትሩን ከአንገቷ አወለቀች። የሠፈሩን ልጆች ሁሉ የለካችበት ሜትር ነው፤ ጠርዙ በላቧ ወዝቷል። ለእናቷ አቀበለቻት። ጫማዋን አውልቃ በርጩማው ላይ ወጣችና እጆቿን ዘረጋች። ሜትሩ ሲጠመጠምባት፣ ክፍል ውስጥ ባለፈች ቁጥር እንደምታደርገው፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ትንፋሿን ያዘች።

ዋፊቃ ከጥቅሉ ላይ ሆና ታያታለች።

ሑስና ትንፋሿን ለቀቀችው። ሆዷ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሜትሩም አብሮት ሰፋ።

«እስክሪብቶውን ለዋፊቃ ስጫት፣ እማ» አለች። «ቁጥሩንም ጮክ ብለሽ ንገሪያት፤ እሷ ትጻፈው።»